«ቻለው» ምክር አይደለም

ሐሙሲት፣ ሐሙስ ቀን፣ ገበያው ሲደራ አስፋልቱ ዳር ቁማችሁ ሞተረኞቹን ተመልከቱ። አንዱ ሁለት ሰው አፈናጦ፣ መሪው ላይ ዶሮ አንጠልጥሎ፣ ካቴናው እየጮኸ ያልፋል። «ኧረ ካቴናው ሊበጠስ ነው!» ብትሉት ሳቅ ብሎ «ትችላለች» ይላችኋል። ሞተሯ ትችላለች። እሱም ይችላል። ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን ይችላል። እኛ አገር ለሰውም ለብረትም የምንሰጠው ትልቁ ሙገሳ ይኸው ነው፤ «ቻይ ነው»።

እኔ ከዚህ ሙገሳ ጋር ጸብ አለኝ። ሰው እየገደለብን ነውና።

ለጸቤ ምስክር የምጠራው ከሩቅ ነው፦ የሞተር ሳይክል የጽናት ውድድርን። 8 ሰዓት፣ አንዳንዴም 24 ሰዓት ሙሉ የሚነዳበት ውድድር ነው። አንድ ሞተር፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጂ። አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላ ነዳጁ ያልቃል፤ ሞተሩ ወደ መጠገኛው ይገባል። ጎማ ይቀየራል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ነጂው ወርዶ ሌላው ይወጣል። የወረደው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጋደም ይላል። ማንም «ሰነፍ» አይለውም። ተራው አልቋላ!

በዚህ ስፖርት ከፋብሪካ ቡድኖች ጀርባ ከኪሳቸው እየከፈሉ የሚወዳደሩ አማተሮች አሉ። የአማተር ቡድን የውድድር ዓመት እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ፤ አካሄዱ የትም ያው ነው። በመጀመሪያው ውድድር አንዱ ነጂ ይወድቃል፤ ለሦስተኛው የተቀመጠውን ብር መለዋወጫ ይበላዋል። ለሁለተኛው ሞተሩ በጥድፊያ ይገጣጠማል፤ አሮጌው ካቴና «ይችላል» ተብሎ ይታለፋል፣ ሌሊት ላይ ይበጠሳል። በሦስተኛው አንዱ ነጂ ከሥራ ፈቃድ አጥቶ ይቀራል፤ ሁለቱ የእሱን ተራ ይደርባሉ። ደክሞት ሳለ «ደህና ነኝ» ያለው ልጅ ንጋት ላይ መታጠፊያውን ይስታል። ከዚያ በኋላ ጸብ ነው፣ የማን ጥፋት ነው ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ፈሪ የለም። ቡድኑን የጣሉት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ይችላል» እና «ደህና ነኝ»።

ይህ ስፖርት ራሱ ድሮ እንደኛ ያስብ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ «ቦል ዶር» የሚባለው ውድድር በ1922 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ደንቡ አንድ ሞተር፣ አንድ ሰው፣ 24 ሰዓት ነበር። ቻለው! ሰውየው ቀኑንም ሌሊቱንም ለብቻው ይነዳል። እስከ 1953 ድረስ እንዲህ ቀጠለ፤ በ1954 ሁለት ነጂ መፈራረቅ ተፈቀደ። ዛሬ «ወደ ድሮው እንመለስ፣ አንዱ ለብቻው ይንዳ» የሚል ቢነሳ ሐኪም ነው የሚጠራለት።

ብረቱም ቢሆን ሙገሳ አይሰማም። በ1985 ጃፓን ሱዙካ ላይ በሚደረገው የ8 ሰዓት ውድድር፣ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኬኒ ሮበርትስ ከጃፓናዊው ታዳሂኮ ታይራ ጋር በያማሃ ይመራ ነበር። ሊጠናቀቅ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ሞተሩ ሞተ። አለቀ። ብረት የማንን ስም ተሸክሞ እንደሚሮጥ አያውቅም።

አሁን አንዱ «ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፣ እኛ የአበበ ቢቂላ ልጆች ነን» ሊለኝ ነው። ጥሩ፣ ስለ አበበ እናውራ። ሮም 1960፣ በባዶ እግር፤ ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ሜክሲኮ 1968ን ግን ስንቶቻችን እንተርካለን? አበበ እግሩን ታሞ ገባ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ ቀጠለ፣ ወርቁንም አመጣ። ለኢትዮጵያ በተከታታይ ሦስተኛው የማራቶን ወርቅ የመጣው ትልቁ ጀግና በወጣበት ቀን ነው። እኛ ግን ለልጆቻችን ባዶ እግሩን እንጂ 17ኛውን ኪሎ ሜትር አናስተምርም።

ደግሞስ ተራ መቀያየርን ከፈረንጅ ነው እንዴ የምንማረው? ከሐሙሲት ወደ ወረታ ስትሄዱ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲታጨድ እዩ። ገበሬው «እችላለሁ» ብሎ ለብቻው አይሞትም። ወንፈል አለው። ዛሬ የኔ ማሳ፣ ነገ ያንተ። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለጌጥ አይደለም። ታዲያ ማሳ ላይ የምናውቀውን አስፋልት ላይ ስንወጣ ምን ያስረሳናል?

አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፣ ጠጋኙን መናቃችን ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። የንጉሡን ወኔ ስንዘፍን ኖረናል፣ መድፉ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት መጎተቱን እንተርካለን። ብረቱን ያቀለጡትን፣ የቀጠቀጡትን እጆች ስም ግን ማን ያነሳል? እንዲያውም ብረት ቀጥቃጭን «ቡዳ» ያልን ሕዝብ ነን። ዛሬም ነጂው ጀግና ነው፣ መካኒኩ ግን «ያ ዘይት የነካው ልጅ»። የጽናት ውድድር ግን ግማሹ የመካኒኩ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ይህ ቃል ከሞተርም አልፎ ሁላችን ላይ ተጭኗል። መንገድ ሲዘጋ ቻሉት። ኔትወርክ ሲጠፋ ቻሉት። ትምህርት ሲቋረጥ ቻሉት። አስተውላችሁ እንደሆነ «ቻሉት» የሚለን ሰው ሁልጊዜ ተራ የማይገባ ሰው ነው። ከኮርቻው ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ከዳር ሆኖ ያጨበጭባል።

«ድህነቱስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ያ የሐሙሲት ልጅ ሞተሯ የእሱ አይደለችም፤ ማታ ለባለቤቷ ገቢ ያስገባል፣ ከተረፈው ይበላል። እሱን አልወቅስም። የምወቅሰው የቀኑን ገቢ ሲተምን የካቴናና የፍሬን ብር የማያስብ ባለሞተርን ነው። የምወቅሰው ከኋላ ተፈናጦ «ንዳው፣ ንዳው!» የሚለውን ተሳፋሪ ነው። ባዶ ጭንቅላቱን እያየን «አይ ወንድ!» የምንለውን፣ እኔንም ጨምሮ፣ ነው። ሄልሜት ብር ይጠይቃል፣ እሺ። «ደክሞኛል» ለማለት ግን ብር አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው «ደክሞኛል» ሲባል የማይስቅ ጓደኛ ነው። ዘይት መቼ እንደተቀየረ በደብተር ለመጻፍም አንድ እስክሪብቶ ይበቃል።

መቻል ጭራሽ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በጽናት ውድድር ሞተሩ መሐል መንገድ ላይ የቆመበት ነጂ ማንም ሳያግዘው ብቻውን እየገፋ ይመልሰዋል። ላቡ ጠብ እያለ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ። እዚያ ላይ መቻል አለበት። ግን ወዴት ነው የሚገፋው? መፍቻ ይዘው ወደሚጠብቁት ጓደኞቹ ነው። የሚጠብቀው ሰው ያለው ይገፋል፤ የሌለው ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሐሙስ ያ ልጅ ካቴናው እየጮኸ፣ ዓይኑ ቀልቶ አጠገባችሁ ሲቆም አታሞግሱት። «ቻለው» አትበሉት።

«ውረድ፣ እንየው» በሉት።