ስለ ውኃ መያዣ ንጽሕና

ባለፈው የበጋ ወራት ከያቤሎ ተነሥተን የኤል ሶድን የጨው ሐይቅ ለማየት ከልጆቻችን ጋር በሄድን ጊዜ፣ በጀርባ የሚታዘለውንና በቧንቧ የሚጠጣውን የውኃ ከረጢት ይዘን ነበር። ቍልቍለቱ ረዥም፣ ሐሩሩ ብርቱ፣ የሐይቁም ውኃ የማይጠጣ ነው። ትንሹ ልጃችን ግን አንድ ጊዜ ተጐንጭቶ ተፋው፤ ከሳምንት በፊት የጨመርንበት የስኳር ውኃ በቧንቧው ውስጥ ሻግቶ ኖሮአል። ሌላ ውኃ ስላልያዝን ከመንገዱ እኩሌታ ተመለስን፤ ጥፋቱም የእኛው ነበር።

የቦረና እመቤቶች የወተት ዕቃቸውን አጥበው በጢስ ሳያጥኑ ወተት አያኖሩበትም። እኛም ከእነርሱ ልንማር ይገባናል። ይህ ከረጢት በጢስ አይታጠንም፤ ነገር ግን በተመለሱበት ቀን ባዶ ማድረግ፣ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ 30 ደቂቃ ማቆየት፣ ቧንቧውንና የሚጠባበትን ጫፍ በቀጭን ብሩሽ መፈተግ፣ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከዚያም አፉን ከፍቶ ዘቅዝቆ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከውኃም በቀር ጣፋጭ ነገር አይጨመርበት።

በቆላ አገር ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ውኃ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ የውኃው ንጽሕና በዕቃው ንጽሕና ይጸናልና።