ወታደሩ ከፍርድ ቤት ደጅ ለምን ይመለሳል?

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው፣ በአጭሩ «ዩሴራ» የሚባለው ሕግ ቃሉ ግልጽ ነው። የተጠባባቂ ጦር ወይም የናሽናል ጋርድ አባል የሆነ ሠራተኛ ለግዳጅ በመጠራቱ ሥራውን አያጣም። ሲመለስም የሚገባው ትቶት የሄደው ቦታ ሳይሆን ባይሄድ ኖሮ ይደርስበት የነበረው ነው፤ ዕድገቱም ጭማሪውም ይታሰብለታል። በውትድርናው ምክንያት አልቀጥርህም ማለትም ሆነ ማባረር ክልክል ነው። ከእኛም ልጆች መካከል ይህን የደንብ ልብስ የሚለብሱ አሉና ጉዳዩ ይመለከተናል።

ታዲያ ይህን ሕግ የጣሰ አሠሪ የሚጠየቀው የት ነው?

ፍርድ ቤት ነዋ የሚል ካለ የማይክል ጋሬትን ጉዳይ ይመልከት። ጋሬት የማሪን ተጠባባቂ መኮንን ነበር። ሰርኪት ሲቲ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር በ2003 አሰናበተው፤ እሱም የተባረርኩት በውትድርናዬ ነው ብሎ ከሰሰ። ድርጅቱ ግን ከዓመታት በፊት፣ የሥራ ክርክር ሁሉ በግልግል ዳኝነት እንደሚታይ፣ ያልተስማማም በ30 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ለሠራተኞቹ ወረቀት ልኮ ነበር። ጋሬት አላሳወቀም። በ2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩ ወደ ግልግል ይሂድ አለ። ሌሎች ይግባኝ ሰሚዎችም ያንኑ መንገድ ተከተሉ።

ለአንድ ወረቀት መልስ አለመስጠት ኮንግረስ የሰጠውን መብት ሊያስቀር ይገባል? ሕጉ ራሱ መብቱን የሚቀንስ ወይም ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ የሚያኖር ውል ዋጋ እንደሌለው ደንግጎ የለም? ዳኞቹ መብቱ አልተነካም፣ የተለወጠው የሚታይበት ቦታ ብቻ ነው ብለዋል። ቦታ ብቻ? በግልግል ጁሪ የለም፤ ክርክሩ ከሕዝብ ዓይን ውጭ ነው፤ ገላጋዩ ሕጉን ቢስት እንኳ የይግባኙ በር እጅግ ጠባብ ነው።

ጁሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም የቪንሰንት ስታውብ ክርክር አሳይቷል። ስታውብ በኢሊኖይ የአንድ ሆስፒታል ቴክኒሻንና የተጠባባቂ ጦር አባል ነበር። ውትድርናውን የጠሉት የቅርብ አለቆቹ ናቸው፤ ያሰናበተችው ግን የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት። ጁሪው ነገሩን መርምሮ ለስታውብ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 የአለቃ ጥላቻ የወለደው ክስ ለስንብት ምክንያት ከሆነ አሠሪው ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። ይህ ክርክር በዝግ ክፍል ተጀምሮ እዚያው ቢያልቅ ኖሮ የዛሬዎቹ ሠራተኞች ምን ይዘው ይከራከሩ ነበር?

ከሁሉ የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። ጋሬት በተሸነፈበት በዚያው በ2006፣ ኮንግረስ በግዳጅ ላይ ላለ ወታደር በሚሰጡ የተወሰኑ የብድር ውሎች ውስጥ አስገዳጅ ግልግል እንዳይገባ ከለከለ። በ2022 ደግሞ በወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት የተበደለ ሰው አስቀድሞ የፈረመው የግልግል ውል እንዳያስገድደው አደረገ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እንግዲያው ወታደሩን ከአበዳሪው የጠበቀ ምክር ቤት ከአሠሪው ለመጠበቅ ምን ያዘው? አንድ አንቀጽ ይበቃ ነበር፤ ረቂቁም ተደጋግሞ ቀርቦለታል።

ሕጉ እስኪስተካከል፣ ተጠባባቂ የሆናችሁ ወገኖች ሆይ፣ የቅጥር ውላችሁን ዛሬ አውጥታችሁ አንብቡ። «አርቢትሬሽን»፣ ማለትም ግልግል፣ የሚለውን ቃል ፈልጉ። መውጫ ቀነ ገደብ ካለው ሳያልፍ አልስማማም በሉ፤ በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂውንም አስቀምጡ።