እጅ ሲያብጥ አፍም ይታይ

እንጦጦ ሥር የምንኖር ሰዎች የመገጣጠሚያ ሕመም ሲነሣ ቶሎ በብርድ እናሳብባለን። ጠዋት ጣት አልታጠፍ ሲል ጋቢ ደርበን፣ ቅባት ታሽተን እንውላለን። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን ብርድ የሚያመጣው ሕመም አይደለም፤ ሰውነትን ሊጠብቅ የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል በገዛ መገጣጠሚያው ላይ ሲዘምት የሚከሰት ነው። ሴቶች ላይ ይበረታል። ስለ ጣቱና ስለ ጉልበቱ ብዙ ይወራል፤ ስለ ሕሙማኑ ጥርስ የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

ሽሮ ሜዳ፣ ዕድሜያቸውን በፈትል የገፉ ጎረቤት አሉኝ። እንዝርት ሲያሾሩ የኖሩት ጣቶቻቸው ዛሬ ወደ ትንሿ ጣት ተጋድመዋል። መፋቂያ ቆንጥጠው መያዝ ስለማይችሉ በመዳፋቸው ይጨብጡትና የፊት ጥርሳቸውን ሁለት ሦስቴ ፈተግ አድርገው ይተዉታል። ወደ ውስጥ ለማዞር አንጓቸው አይታዘዝም። መንጋጋም መገጣጠሚያ ነውና አፋቸውን በሰፊው መክፈት ያማቸዋል። ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲዞር እጃቸውን አይዘረጉም፤ አፋቸው ስለሚደርቅ ከረሜላ ይመጥጣሉ። የብሩሽ እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢወፍር እንዲህ ላለ እጅ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን የነገራቸው ባለሙያ ግን አልነበረም።

የአፉ መድረቅም ምክንያት አለው። ሾግረን የሚባለው ሕመም ከሩማቶይድ ጋር ተደርቦ የምራቅ ዕጢዎችን ሊያጠቃ ይችላል። ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ጠባቂ ያጣል፤ ከረሜላው ሲጨመርበት ቶሎ ይቦረቦራል።

የሩማቶይድ መድኃኒቱም ጣጣ አለው። ሜቶትሬክሴት አፍ ሊያቆስል ይችላል፤ ፎሊክ አሲድ አብሮ የሚታዘዘው ለዚህም ጭምር ነው። ለዚህ በሽታ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰደውን መድኃኒት ተሳስቶ በየቀኑ የዋጠ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ የአፍ ቁስል የመመረዙ ምልክት ሊሆን ስለሚችል "ምች ነው" ብሎ ዳማ ከሴ እየቀቡ መሰንበት አይገባም። ጥርስ ሲያብጥ በራስ ፈቃድ ከፋርማሲ መድኃኒት መግዛትም ያስፈራኛል። ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ ደም የሚመረትበትን መቅኔ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ቁርጥማትን ከአፍ ጋር ማያያዝ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓና በአሜሪካ የቁርጥማት ምንጩ አፍ ውስጥ ነው ተብሎ የሕሙማን ጥርስ በጅምላ ይነቀል ነበር። ቁርጥማቱ አልዳነም፤ ሰዎቹ ግን ያለ ጥርስ ቀሩ። የዛሬ ተመራማሪዎች ወደ አፍ የተመለሱት በተሻለ ማስረጃ ነው። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለ የድድ ባክቴሪያ ፕሮቲኖችን የሚለውጥ ኤንዛይም ያመነጫል፤ እንዲህ በተለወጡ ፕሮቲኖች ላይ የሚነሡ ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ በብዙ የሩማቶይድ ሕሙማን ደም ውስጥ ይገኛሉ፣ አንዳንዴም መገጣጠሚያው ከማበጡ ዓመታት አስቀድሞ። ባክቴሪያው በሽታውን ያመጣል ወይ የሚለው ገና አልተቋጨም። የድድ በሽታ በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ እንደሚበዛ ግን ታውቋል።

የሚያንገበግበኝ ሁለቱ ሕክምናዎች አለመነጋገራቸው ነው። ጎረቤቴን ተከትዬ በሄድኩበት ሁሉ መገጣጠሚያ የሚያየው አፍ አላስከፈተም፤ ጥርስ የሚያየውም ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ሳይጠይቅ ወደ ጉጠቱ ሄደ። የተነቀለውን ለመተካት አቅም ይጠይቃል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ከማይሸፍናቸው አንዱ ነው።

ስለዚህ ከጉለሌ ጤና ጣቢያዎች እስከ ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ ሐኪሞቻችንን የምለምነው አለኝ። ሜቶትሬክሴት ወይም ሌላው የሩማቶይድ መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ሊጀመርለት የተቃረበ ሰው አስቀድሞ ጥርሱና ድዱ ይታይለት፤ ውጤቱም ካርዱ ላይ ይጻፍ። ታማሚውም ጥርስ ሊያሳይ ሲሄድ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ ይሂድ፤ በተለይ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ጥርስ ልነቀል ነው ብሎ ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥ።