እስከ መቶ ይቆጥራል፤ «ሰባት ቆርኪ አንሳልኝ» ሲሉት ግን…

በየዓመቱ ሰኔ ላይ በየከተማው የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ይደገሳል። ጥቁር ካባ የለበሰ የስድስት ዓመት ልጅ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ማይክ ይያዝለታል፣ ከ«ዋን» ተነስቶ እስከ «ሃንድረድ» ሳይተነፍስ ያንበለብለዋል። አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል፣ ወላጅ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል፤ ዓመቱን ሙሉ የከፈለው ክፍያ የት እንደገባ በዓይኑ አየ። ያንኑ ልጅ ከመድረክ ሲወርድ ጠብቆ ከቆርኪ ክምር ላይ «ሰባት አንሳልኝ» የሚለው፣ ቀጥሎም «አሥር እንዲሞላ ስንት ይቀራል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም። ቢጠየቅ መልሱ እንደ ቆጠራው ላይፈጥን ይችላል።

ቁጥሮችን በቃል መውረድና ቁጥር ምን እንደሆነ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው እንደ መዝሙር ነው፤ ልጁ ቃላቱን በቅደም ተከተላቸው ይይዛል፣ መሐል ላይ ቢያቋርጡት ተመልሶ ከ«አንድ» ይጀምራል። ሁለተኛው ሰባት ማለት ከስድስት በአንድ የሚበልጥ፣ ከአሥር በሦስት የሚያንስ፣ አምስትና ሁለት ተደርጎ ሊከፈል የሚችል ብዛት መሆኑን መረዳት ነው። መደመርና መቀነስ የሚቆሙት በዚህኛው ላይ ነው። ይህ ሳይገባው አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ 7 + 5 ሲጻፍለት በጣቱ ይወጣዋል። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ 47 + 25 ሲመጣበት ግን ጣቱ ያልቃል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ይንጫጫል። ከተፈታኞቹ መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ክርክሩ ሁሌም ስለ ፈተናው ክብደት፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ሚኒስቴሩ ነው። ያን ሁሉ ውድቀት በሕፃናት ቆጠራ ላይ መለጠፍ ስህተት ይሆናል፤ ጦርነቱም፣ የመምህር እጥረቱም፣ ኮቪድም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሂሳብ እርከን በእርከን የሚወጣ ትምህርት ነው። ታችኛው እርከን ላይ የቀረን ልጅ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት በሚሰጥ ማጠናከሪያ መመለስ በጣም ይከብዳል። የሚገርመው፣ ውድ ስለሆነው የላይኛው እርከን ሁሉም አስተያየት አለው፤ ርካሽ ስለሆነው የታችኛው የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

ርካሽ የተባለው በምክንያት ነው። ጉዳዩ በአንድ ኤ ፎር ወረቀት ላይ የሚታተም ጨዋታ ነው፤ ከስልክ ወደ ኮፒ ቤት ተልኮ በጥቂት ብር የሚወጣ።

ነገሩ የጨዋታ አፍቃሪዎች ምኞት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ትንንሽ ልጆችን ቀላል የሰሌዳ ጨዋታ አጫወቱ። ሰሌዳው ላይ ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው አሥር ሳጥኖች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተደርድረዋል፤ ልጁ የሚሽከረከር ቀስት ያዞራል፣ 1 ወይም 2 ይወጣለታል፣ ያንን ያህል ይራመዳል። ሌሎች ልጆች ያንኑ ጨዋታ በቁጥር ምትክ በቀለም ተጫወቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ ያልበለጠ። በቁጥር የተጫወቱት የቁጥሮችን መበላለጥ በመለየትም፣ በመቁጠርም፣ የተጻፈ ቁጥር በማንበብም ተሻሻሉ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑም ለውጡ አልጠፋም። በቀለም የተጫወቱት ይህን አላገኙም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጥናታቸው ደግሞ ያንኑ ሰሌዳ ክብ አድርገው ሲሠሩት እንደ ቀጥታው እንዳልጠቀመ አሳየ። ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ርቀቱም አብሮ ሲረዝም ልጁ በዓይኑና በእጁ ማየት አለበት ማለት ነው።

አንድ ትንሽ ነገር እዚህ ላይ ሙሉውን ጨዋታ ያድነዋል ወይም ይገድለዋል። ልጁ 5 ላይ ቆሞ 2 ሲወጣለት ጠጠሩን እያንቀሳቀሰ ምን ይላል? «አንድ፣ ሁለት» ካለ የቆጠረው እርምጃውን ብቻ ነው፤ የት እንደነበረና የት እንደደረሰ አላየም። «ስድስት፣ ሰባት» ካለ ግን ሳያውቀው 5 + 2 ደምሯል። ላስኪና ሲግለር በ2014 እ.ኤ.አ. እስከ 100 በሚደርስ ሰሌዳ ላይ ያንኑ ጉዳይ ፈትሸው ጥቅሙ የሚመጣው ካሉበት ቁጥር ቀጥሎ በመቁጠር መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ይወስናል። እናት፣ ታላቅ እህት፣ አያት ማንም ትሁን፣ «አንድ፣ ሁለት» ሲል «ከየት ነው የተነሳኸው?» ብላ የምትጠይቅ ሰው ታስፈልጋለች። ታብሌት ሰጥቶ ከኋላ ሶፋ ላይ መተኛት ይህን አይተካም።

ዳይስ ከሌለ ሁለት ቆርኪ ይበቃል። ሁለቱ ይወረወራሉ፣ በጀርባቸው የወደቁት ይቆጠራሉ፤ ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ይወጣል። ዜሮ የወጣለት ባለበት ይቆማል፣ በዚያውም ዜሮ ማለት «ምንም» መሆኑን ማንም ሳያስረዳው ይማራል። መንገዱ እስከ 20 ሲረዝም ቆርኪውን አራት ማድረግ ይቻላል። ያ ሲለመድ ደግሞ ከ20 ተነስቶ ወደ 1 መመለስ፤ መቀነስ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አሥር መሙላት ነው። ከ0 እስከ 10 የተጻፈባቸው ካርዶች ሁለት ሁለት ተደርገው ይታተማሉ፣ ይቆረጣሉ፣ ተገልብጠው ይዘረጋሉ። ልጁ ሁለት ካርድ ይገልጣል፤ ድምራቸው አሥር ከሞላ ይወስዳል፣ ካልሞላ ይመልሳል። 7 የገለጠ ልጅ 3 የት እንዳየ ለማስታወስ ሲጨነቅ ማየት ነው። በጥያቄ ወረቀት 7 + 3 ሃያ ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ እዚህ ሃያ ጊዜ ራሱ ፈልጎ ያስበዋል።

በዚህ ላይ አማርኛ የሚሰጠው ጥቅም አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያስተውለውም። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሲባል ቃሉ ራሱ አሥርና አንድ፣ አሥርና ሁለት እያለ ይናገራል። እንግሊዝኛው «ኢለቨን»፣ «ትዌልቭ» ሲል ግን አሥሩ የት እንዳለ አይታይም። ቁጥርን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስቆጥሩ መዋዕለ ሕፃናት ይህን በነፃ የመጣ እርዳታ ወደ ጎን ይጥሉታል። እርግጥ አማርኛም ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ላይ ሲደርስ ሽምደዳ ይጠይቃል። ቢሆንም ከአሥር እስከ ሃያ ያለችውን አስቸጋሪ መንገድ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ቢሻገራት፣ እንግሊዝኛውን በኋላ ስም ለመለወጥ ያህል ይማረዋል። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ አፍ መፍቻው ለሆነ ልጅም ጨዋታው በዚያው ቋንቋ ይሁን፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አሃዝ ለሁሉም አንድ ነው።

ነገር ግን ጨዋታ የሚል ስም የተሰጠው ሁሉ ጨዋታ አይደለም። በየቻናሉ ከሚዞሩት ፒዲኤፎች ብዙዎቹ የተለመደው የጥያቄ ወረቀት ናቸው፤ ዳር ላይ ጥንቸል ተስሎባቸዋል። ሃያ የመደመር ጥያቄ መልሶ ጥንቸሏን ቀለም መቀባት የቤት ሥራ እንጂ ጨዋታ አይባልም። መለያው ቀላል ነው። ልጁ ቁጥሩን ሲሳሳት በጨዋታው ውስጥ የሚለወጥ ነገር ካለ፣ ተራው የሚያልፈው ወይም የሚቀደም ከሆነ፣ ሲያልቅ ደግሞ «እንደገና!» ካለ፣ ጨዋታ ነው። እባብና መሰላል እንኳ እንከን አለው፤ ብዙዎቹ ሰሌዳዎች አንዱን ረድፍ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ ስለሚያስኬዱ ትንሹ ልጅ 11 ከ1 በላይ፣ 21 ከ11 በላይ መሆኑን አያይም። ሁሉንም ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ አድርጎ ማተም የተሻለ ነው።

ጨዋታውን ከልክ በላይ ማሞገስም አያስፈልግም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ኤስተር ዱፍሎና ኤሊዛቤት ስፔልኪ የተሳተፉበት የዴልሂ ጥናት በ214 ቅድመ መደበኛ ት/ቤቶች ተካሂዶ ከፊሎቹን ልጆች የሂሳብ ጨዋታ አጫውቷል። ልጆቹ ብዛትን በግምት በማወዳደር ጎበዙ፤ ያም ብርታት ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። አንደኛ ክፍል ገብተው በምልክት የተጻፈ ሂሳብ ሲሰጣቸው ግን ካልተጫወቱት ጓደኞቻቸው አልበለጡም። በ2025 እ.ኤ.አ. ኔቸር ላይ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በኮልካታና በዴልሂ ገበያ የሚሠሩ ልጆች ውስብስብ የሽያጭ ሂሳብ በአእምሯቸው ሲሠሩ፣ ያንኑ የመሰለ ስሌት በት/ቤት መልክ ሲቀርብላቸው እንደሚቸገሩ አሳይቷል። ገበያ ሠርተው የማያውቁት ተማሪዎች በተራቸው የገበያው ሂሳብ አስቸግሯቸዋል። ይህን ለማመን ዴልሂ መሄድ አያስፈልግም፤ መርካቶ ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ መልስ ሲመልስ ማየት ይበቃል።

የታተመው ወረቀት ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። ገበጣ ድንቅ ጨዋታ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ በሰፊው ጽፏል። ጠጠር በየጉድጓዱ አንድ በአንድ ሲዘራ ከመቁጠር አልፎ አስቀድሞ ማስላት ይጠይቃል። ሰኞ ማክሰኞም፣ ብይም በውስጣቸው ቁጥር አለ። የሌላቸው በአሃዝ የተጻፈው ምልክት ነው። «8» የሚለው ቅርጽ ከስምንት ጠጠር ጋር፣ «+» ደግሞ ጠጠር ከመጨመር ጋር በልጁ ጭንቅላት የሚገናኘው ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነው። ጠጠሩም አሃዙም ያሉበት ወረቀት ያን ድልድይ ይሠራል። ገበጣ በሚጫወቱ ልጆች አጠገብ ወረቀት አስቀምጦ በየጉድጓዱ ስንት እንዳለ በአሃዝ ማስጻፍም ያው ነው።

በርግጥ ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይህን ማድረግ መምህርቷን ያስጨንቃል። ጫጫታው ብቻ ርእሰ መምህሩን ይጠራል። ወላጅም ደብተሩን ገልጦ ባዶ ሲያገኘው «የላክሁት እንዲጫወት ነው?» ይላል። የሚገባው ጥያቄ ነው፣ ገንዘቡን የሚከፍል ሰው ያየውን ይጠይቃል። መልሱ ግን ደብተር መሙላት አይደለም። መምህርቷ ወላጅን ጠርታ ልጁ ሰባት ቆርኪ ቆጥሮ ሲያነሳ፣ ከአሥር ስንት እንደቀረው ሲናገር ብታሳየው የተሻለ ማስረጃ ነው። ክፍሉንም በአራት በአራት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ወረቀት መስጠት ይቻላል፤ ለሰባ ልጅ አሥራ ስምንት ወረቀት ማለት ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ።

አሥራ ስምንት ወረቀት ለማተም እንኳ አቅም የሌለው የገጠር ት/ቤት አለ፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጽሐፉ ራሱ ለብዙ ተማሪ ሳይደርስ የቆየበት አገር ነውና። ለዚህ የክልል ትምህርት ቢሮዎች ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቁ የሚሠሩት ነገር አለ። የአንደኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ ሲታተም የጀርባ ሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ ከ1 እስከ 20 የሚሄድ ቀጥ ያለ መንገድ ይሳልበት፣ ከሥሩ የአጨዋወቱ ደንብ በሦስት መስመር ይጻፍ። በየት/ቤቱ ላሉት የኦ ክፍል ልጆች ያንኑ በካርቶን ላይ በማርከር መሥራት ይቻላል። መጽሐፉ እስኪደርስ ወላጅም ማተሚያ አይጠብቅም፤ ከደብተር መሐል ገጽ ገንጥሎ ሃያ ሳጥን ማስመር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።