ሰፊ ቀዳዳ ሁልጊዜ ብልጫ ነውን?

ሌንስ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቀዳዳው ምን ያህል ይሰፋል?» ብሎ ነው። ለአነስተኛ ካሜራ ጥያቄው ተገቢ ሊሆን ይችላል። 4 በ5 ኢንች በሚለካ ነጠላ የፊልም ቅጠል ለሚሠራው ትልቅ ካሜራ ግን ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ገዢውን ወደ ስሕተት ይመራዋል ብዬ አምናለሁ። ይህንንም የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ትከሻዬ ነው።

በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ወቅት የትኩረት ርቀቱ 300 ሚሊ ሜትር፣ የኤፍ ቁጥሩ 5.6 የሆነ፣ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሌንስ ገዛሁ። ሁለት ጊዜ ተሸክሜው ተራራ ወጣሁ፤ በሦስተኛው ጊዜ ከቤት ትቼው ሄድኩ። በዚያ ዕለት በሸለቆው ላይ ያረፈውን ድንቅ ብርሃን በዓይኔ ብቻ አይቼ ተመለስኩ። ከቤት የቀረ ሌንስ ጥራቱ ምንም ያህል ቢሆን ፎቶግራፍ አያነሣም።

ነገሩን በፊዚክስ እንመርምረው። የኤፍ ቁጥር የሚገኘው የትኩረት ርቀት ብርሃን ለሚያስገባው ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል ነው። እንግዲህ የ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 5.6 ቀዳዳው 54 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በኤፍ 9 ደግሞ 33 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 1.6 እጥፍ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቅርጹን ሳይለውጥ የሚያድግ አካል ክብደቱ የሚጨምረው በስፋቱ ኪዩብ ስለሆነ፣ የክብደቱ ልዩነት ወደ 4 እጥፍ ያድጋል። ኒኮን ያመርተው የነበረው «ኒኮር ኤም» 300 ሚሊ ሜትር ኤፍ 9 ሌንስ 290 ግራም ብቻ መመዘኑ ከዚህ ግምት ጋር ይስማማል። ንድፉም ፓውል ሩዶልፍ በዛይስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1902 ያስተዋወቀው፣ አራት መስታወቶች ያሉት የቴሳር ዓይነት ነው።

ታዲያ ይህ ቅለት የተገኘው ጥራትን በመሠዋት ነውን? አይደለም። በትልቅ ካሜራ የቅርቡም የሩቁም ነገር ጥርት ብሎ እንዲታይ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ እስከ ኤፍ 22 ይጠብባል። በዚህ ጊዜ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚያሳየው መበተን፣ ማለትም ዲፍራክሽን፣ እያንዳንዱን ነጥብ በአረንጓዴ ብርሃን 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ያደርገዋል። ይህን ስፋት የሚወስኑት የብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና የኤፍ ቁጥሩ ብቻ ስለሆኑ በከባዱም በቀላሉም ሌንስ እኩል ነው። አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1932 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያቋቋሙትን ቡድን «ኤፍ 64» ብለው በጠባብ ቀዳዳ መሰየማቸውም ትርጉም አለው።

ሰፊው ቀዳዳ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ትኩረት በሚስተካከልበት ፍዝ መስታወት ላይ የሚታየው ምስል 2.6 እጥፍ ያህል ይደምቃል፤ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከቀዳዳው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን ሌንሱ የሚሥለው የምስል ክብ ስፋት ነው። ክቡ ከፊልሙ ዲያጎናል ካነሰ የምስሉ ማዕዘኖች ይጨልማሉ፤ ካሜራውን ዘንበል ወይም ፈቀቅ ለማድረግም ትርፍ ስፋት ያስፈልጋል። የ4 በ5 ኢንች ፊልም ዲያጎናል 163 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የኒኮር ኤም ክብ በኤፍ 22 ላይ 325 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከበቂ በላይ ነው። ለ8 በ10 ኢንች ፊልም ግን ዲያጎናሉ ራሱ 325 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ምንም ትርፍ አይተርፍም። እዚያ ከባዱ ሌንስ ክብሩን መልሶ ያገኛል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ሌንስም ሆነ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ስትመርጡ በፊቱ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር አያማልላችሁ። በእርግጥ የምትሠሩበትን ቁጥር ፈልጉ፤ ከዚያም ተሸክማችሁ የምትሄዱትን ምረጡ።