መታወቂያ ያልደረሰለት ልጅ ሥራ አይቀጠርም ወይ?

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ፣ የ17 ዓመት ወጣት፣ ባለፈው ሳምንት በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥረሃል ተብሎ ነበር። ዋስ አቀረበ፤ እናቱም ከዕቁብ ብራቸው ቱታ ገዙለት። ሰኞ ማለዳ ሲሄድ «መታወቂያህን አምጣ» አሉት። ወረዳ ቢጠይቅ 18 ዓመት ሳይሞላህ አይሰጥም ተባለ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። መታወቂያ የሚፈልግ አሠሪ ቱታው ሳይገዛ ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት።

እኛ የምንለው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚከለክለው ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ነው። የ17 ዓመቱን ወጣት ሠራተኛ ይለዋል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ሌሊትም እንዳይሠራ ይጠብቀዋል። ታዲያ ሕግ ሥራ ያልከለከለውን ልጅ መታወቂያ እስኪደርስልህ ቁጭ በል ማለት ምን ይባላል? አሠሪውንም ጨርሰን አንወቅስም፤ ዕቃ ቢጠፋ ማንን ይይዛል? ግን ዕድሜውንና የማን ልጅ መሆኑን የልደት ምስክር ወረቀት ይናገራል፤ ዋሱም ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው ነው።

ችግሩ ወረቀቱም የለም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በአዲሱ ሕግ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ቀደም ብለው የተወለዱት የኛ ልጆች ብዙዎቹ አላወጡም። ዘግይቶም ቢሆን ማስመዝገብ ይቻላል።

ወረቀት የሌላቸው ልጆች ወላጆች እሑድ ከስብሰባው በፊት ስም ያስይዙ፤ ወረዳ አብረን እንሄዳለን። ለእንጨት ሥራ ቤቱም የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ልከናል። መልሱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ