«እጮኛዬ ተመርቃ ስታበቃ ገና አልጨረስኩም ትለኛለች»

የዛሬው ደብዳቤ አራት ገጽ ሙሉ ነው። ቦታ ስለማይበቃኝ አሳጥሬዋለሁ፤ ስሙንና ሰፈሩንም አውጥቻለሁ።

«ዕድሜዬ 29 ነው። በንግድ ሥራ እተዳደራለሁ። ከእጮኛዬ ጋር የተዋወቅነው አሥረኛ ክፍል ሳለን ነው። በኋላ ከቤተሰቦቿ ጋር ለንደን ገባች፤ እኛ ግን አልተቆራረጥንም። ከሁለት ዓመት በፊት መጥታ ቀለበት አስረናል። ቃሏ ‹የሕግ ትምህርቴን እንደጨረስኩ እንጋባለን› የሚል ነበር። ባለፈው ክረምት ጋውን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ስትልክልኝ ከደስታ ብዛት ጓደኞቼን ሁሉ ጋበዝኩ። አሁን ግን ‹ሶሊሲተር ለመሆን ገና ሁለት ፈተና አለብኝ፣ ሁለት ዓመትም መሥራት አለብኝ› ትለኛለች። ለንደን ብዙ ዓመት የኖሩ አንድ ጋሼ ‹ከዲግሪ በኋላ የአንድ ዓመት ኮርስ ብቻ ነው› አሉኝ። እሷን ስጠይቃት ‹ያ ቀርቷል› አለች። ጓደኞቼ ‹ሰው ይዛ ነው፣ ተሸውደሃል› ይሉኛል። ቀለበቱን ላውልቅ ወይስ ልጠብቅ?»

ወንድሜ፣ ቀለበቱን ለጊዜው ተወው፤ ጣትህ ላይ ይቆይ። እኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ምሩቅ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ያንተ ነገር ግን ስላሳዘነኝ የእንግሊዞቹን አሠራር እስኪበቃኝ አጠናሁት። ጋሼም እውነት ብለዋል፣ እጮኛህም እውነት ብላለች። ያልተግባባችሁት የዘመን ልዩነት ስላለ ነው።

መጀመሪያ ሶሊሲተር ማለት ምን እንደሆነ እንወቅ። እንግሊዞች የጥብቅናን ሙያ ለሁለት ከፍለውታል። ፊልም ላይ ዊግ አድርጎ ችሎት ፊት የሚሟገተው ባሪስተር ነው። ሶሊሲተሩ ደግሞ ደንበኛ ያነጋግራል፣ ውል ያረቅቃል፣ የቤት ሽያጭ ያስጨርሳል፣ ኑዛዜ ይጽፋል፣ የፍቺና የኢሚግሬሽን ፋይል ይይዛል። ዲግሪ ብቻውን ለዚህ አይበቃም። እኛም አገር ቢሆን ሕግ የተመረቀ ልጅ በማግስቱ ለደንበኛ አይቆምም፤ የጥብቅና ፈቃድ ማውጣት አለበት እኮ!

ጋሼ የነገሩህ ኤልፒሲ የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ፣ በሙሉ ጊዜ አንድ ዓመት የሚፈጅ የሙያ ኮርስ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ዩኒቨርሲቲ አልቋል፤ እዚህ የሚማሩት ደንበኛ ማነጋገርን፣ ሰነድ ማርቀቅን፣ የደንበኛን ገንዘብ ሒሳብ መያዝን ነው። በጋሼ ጊዜም ቢሆን ግን ነገሩ በኮርሱ አያልቅም ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ድርጅት ቀጥሮ ለሁለት ዓመት ሊያሠለጥንህ ይገባል። ጣጣው የነበረው እዚያ ላይ ነው። ክፍያው በኋለኞቹ ዓመታት ለንደን ውስጥ ከ15 ሺህ ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር። ስንቱ ተበድሮ ከፍሎ፣ ተምሮ፣ አልፎ፣ የሚያሠለጥነው ድርጅት አጥቶ ቀርቷል!

እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ኤስኪውኢ የሚባል አዲስ ፈተና መጣ። የድሮው መንገድ እስከ 2032 መጨረሻ ክፍት የሆነው ከዚያ ቀን በፊት መንገዱን ለጀመሩ ብቻ ነው። ያንተዋ ባለፈው ክረምት ከተመረቀችና ዲግሪው ሦስት ዓመት ከሆነ፣ የጀመረችው ከለውጡ በኋላ ነው። ስለዚህ «ያ ቀርቷል» ማለቷ ውሸት አይደለም።

ሁለቱ ፈተናዎችም ቀልድ አይደሉም። የመጀመሪያው 360 የምርጫ ጥያቄ አለው፤ በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በየቀኑ 180። እያንዳንዱ ጥያቄ አምስት አማራጭ ሲኖረው «ትክክል የሆነው» ሳይሆን «ከሁሉ የተሻለው» ነው የሚፈለገው። በመጀመሪያው ዙር፣ በኖቬምበር 2021፣ ያለፉት 53 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው ፈተና የተግባር ነው፤ 12 የጽሑፍና 4 የቃል ሥራዎች አሉት። ደንበኛ ሆኖ የሚቀርብ ሰው ፊት አስቀምጠው «በይ አማክሪው» ይሉሃል። የሚሞከረው በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው፣ ውጤት ለመስማትም ወራት ይጠበቃል። በጃንዋሪ 2024 ከተፈተኑት ውስጥማ ያለፉ 175 ሰዎች በሒሳብ ስህተት «ወድቃችኋል» ተብለው ነበር። ስህተቱ የታወቀው በኤፕሪል ነው። ለእነዚያ ሰዎች እጮኞች አዘንኩላቸው!

የሁለቱ ፈተናዎች ክፍያ ብቻ 5 ሺህ ፓውንድ ይጠጋል፤ የማዘጋጃ ኮርሱ ለብቻው ነው። ኮርሱ ግን ግዴታ አይደለም። ሁለት ዓመት የሥራ ልምዱ ደግሞ እንደ ድሮው አንድ ድርጅት ጋ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እስከ አራት ቦታ ድረስ መደማመር ይችላል፤ በደመወዝም ይሁን በነፃ፣ ከፈተናው በፊትም ይሁን በኋላ። የሕግ ቢሮ ረዳት ሆና ብትሠራ፣ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ማዕከል ብታገለግል፣ ሶሊሲተር ከፈረመላት ይቆጠርላታል። እንግዲህ አሁኑኑ እየሠራች ከሆነ ሁለቱ ዓመት መቁጠር ጀምሯል ማለት ነው። ይህንን ጠይቀሃት ታውቃለህ?

ታዲያ የጓደኞችህን ወሬ ትተን የእኔን ስጋት ልንገርህ። አራት ገጽ ስትጽፍ አንድ ቦታ እንኳ «የት ነው የምንኖረው?» የሚል ጥያቄ አላነሳህም። ሶሊሲተርነት የእንግሊዝና የዌልስ ፈቃድ ነው። ስኮትላንድ እንኳ የራሷ አሠራር አላት፤ አዲስ አበባ ይዘኸው ብትመጣ ችሎት አያስቆምህም። ይህን ሁሉ ገንዘብና ዕድሜ እዚያ ላይ የምታፈስ ልጅ ኑሮዋን እዚያ እያሰበች ነው። ይህ ክህደት አይደለም፣ ግን አንተ ቤት የምትሠራው የት ነው?

ምናልባትም አንተን ወደዚያ ልትወስድህ ነው። ከሆነ ደግሞ ሥራዋ ያንተም ጉዳይ ነው። እዚያ የምትኖር ሚስት ባሏን ለመውሰድ ሊኖራት የሚገባው ገቢ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በዓመት ወደ 29 ሺህ ፓውንድ ከፍ ተደርጓል። «ፈተናውን ተይውና እንጋባ» ብለህ ስትጨቀጭቃት የራስህን መንገድ እየዘጋህ ሊሆን ይችላል።

እናም በቴሌግራም አትጻፍላት፤ በጽሑፍ ቁጣም ፍቅርም አንድ ይመስላል። እሑድ ሥራ በማይኖራት ሰዓት ደውልላትና የመጀመሪያውን ፈተና መቼ እንደምትቀመጥ፣ ከሥራ ልምዱ ስንት ወር እንደያዘች፣ ከዚያም የት ለመኖር እንደምታስብ ጠይቃት። ቀኑንና ወሩን ሳትንተባተብ ከነገረችህ ለጓደኞችህ ይህን ጋዜጣ አስነብባቸው። ስለ መኖሪያው ጥያቄ ዝም ካለች ግን ፈተና አይደለም ያዘገያችሁ፤ ያኔ መልሰህ ጻፍልኝ።

የኮልፌዋ እህቴ፣ ያንቺን ደብዳቤ ቦታ ስላጠረኝ ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድሬዋለሁ። እስከዚያ ለአክስትሽ ምንም እንዳትናገሪ!